ማዕዘንና መስመር በሥራ ቦታ፦ ከጎንደር አናጺዎች፣ ግንበኞችና ብረት ሠራተኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙያ ሊማሩ የሚመጡ ብዙ ወጣቶች ጂኦሜትሪን ትምህርት ቤት ትተውት የወጡ ይመስላቸዋል። በር አልገጥም ሲል ወይም ሴራሚክ ወደ አንዱ ጥግ እየጠበበ ሲሄድ ግን ያው ትምህርት ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከእንጨት፣ ከብረትና ከግንባታ ሠራተኞች ደጋግመው የሚቀርቡልኝ ናቸው። ለመልሶቹ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ቱምቢ (ቀጥታ ወደ ታች የሚያመለክት፣ ክብደት የታሰረበት ገመድ)፣ ውሃ ልክ (አግድምን በአረፋ የሚያሳይ)፣ ስኳድራ (90 ዲግሪ የሆነ ባለ ሁለት ክንድ መለኪያ) እና በደንብ የተቀረጸ እርሳስ ይበቃል። ሁሉንም የሚያያይዛቸው አንድ እምነት አለኝ፦ በሥራ ቦታ ማዕዘን ከሁሉ በተሻለ የሚለካው በርዝመት ነው።

የመሠረቱን ጥግ በስኳድራ ብቻ ማረጋገጥ አይበቃም?

አይበቃም። የስኳድራው ክንድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የአንድ ዲግሪ ስህተት ጫፉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሲባጎ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል። ያው አንድ ዲግሪ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ጫፍ ሲደርስ ግን 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ትንሽ መሣሪያ ትንሽ ሥራን ይፈትሻል፤ ትልቅ ሥራ የሚፈተሸው በትልቅ ልኬት ነው።

ስለዚህ 3፣ 4፣ 5ን ይጠቀሙ። ከጥጉ ችካል ተነስተው በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ከ5 ከበለጠ ጥጉ ተከፍቷል፤ ካነሰ ተዘግቷል። 5 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ቢመጣ ጥጉ ግማሽ ዲግሪ ያህል ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሜትር ይህን ያህል በግልጽ ያሳያል። ቦታው ከፈቀደ በ6፣ 8፣ 10 ይሥሩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ 60፣ 80 እና 100 ሳንቲ ሜትር ያገለግላል።

ስለ ሜትሩም አንድ ነገር ልጨምር። ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀሰው ተበላሽቶ አይደለም። የሚንቀሳቀሰው በራሱ ውፍረት ልክ ነው፤ ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠልም ሆነ ግድግዳ ላይ ሲገፋ ትክክለኛ ቁጥር እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው። መዶሻ አንስተው ሊያጠብቁት የሚሞክሩ ልጆች አይቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉት።

አራቱንም ጥጎች በ3፣ 4፣ 5 መለካት አለብኝ?

አንዱን ይለኩ፤ ቀሪውን በሰያፍ ይፈትሹ። በመጀመሪያ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል መሆናቸውን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ሁለቱንም ሰያፎች ይለኩ። እኩል ከሆኑ አራቱም ጥጎች 90 ናቸው። 8 በ6 ለሆነ ቤት ሰያፉ 10 ሜትር፣ 7 በ5 ለሆነ ደግሞ 8 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

ቅደም ተከተሉን መዝለል ግን አደጋ አለው። ፊቱ 8 ሜትር፣ ጀርባው 7 ሜትር ከ80 ሆኖ ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች እኩል የሆኑበት ቅርጽም እኩል ሰያፍ ሊኖረው ይችላል። ሰያፉን ብቻ ለክቶ «ልክ ነው» ያለ ሰው ስህተቱን የሚያየው ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ሲያነጥፍ ነው።

ቦታዬ ተዳፋት ላይ ነው። 3፣ 4፣ 5 ይሠራል?

ይህ የጎንደር ዋናው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ከተማዋ በአንገረብና በቀሀ ወንዞች መካከል ባለ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ሜዳ የሆነ ቦታ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው። ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ ከተዘረጋ የሚለካው የመሬቱን ቆዳ እንጂ የቤቱን ስፋት አይደለም። በእያንዳንዱ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ፣ መሬት ለመሬት የተለካ 10 ሜትር በአግድም ሲታይ 9 ሜትር ከ81 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 19 ሳንቲ ሜትር በዋዛ ጠፋ።

ማዕዘኑም እንዲሁ ይዛባል። በዚያው ተዳፋት ላይ ሁለቱ የቤቱ ጎኖች ቁልቁለቱን አግድመው በሰያፍ ቢወርዱ፣ መሬት ላይ በትክክል የተለካ 90 ዲግሪ ከላይ ሲታይ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይሳሳታል። አንድ ዲግሪ ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይተናል።

መፍትሔው ሥራውን ከመሬት ማንሳት ነው። ከእያንዳንዱ ጥግ ውጭ፣ ቁፋሮው ከማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ችካል ተክለው አግድም ጣውላ ይምቱበት። የሁሉም ጣውላዎች ራስ በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ለዚህ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ መጠቀም እስከ ዛሬ ከማምናቸው ዘዴዎች አንዱ ነው፤ በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ አለመቅረቱን ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ። አረፋ ካለ ሁለቱ የውሃ ራሶች እኩል መስለው ይዋሻሉ። ከዚያ ሲባጎዎቹን ከጣውላ ጣውላ ወጥረው 3፣ 4፣ 5ንም ሆነ ሰያፉን በሲባጎዎቹ ላይ ይለኩ። ጥጉ ከተረጋገጠ በኋላ ሲባጎዎቹ ከሚገናኙበት ነጥብ ቱምቢ ጥለው መሬት ላይ ችካል ይምቱ።

ተዳፋቱ በጣም የከበደ ከሆነ በደረጃ ይለኩ፦ አንድ ወይም ሁለት ሜትር በአግድም ይያዙ፣ ከአየር ላይ ካለው ጫፍ ቱምቢ ይጣሉ፣ ካረፈበት ይቀጥሉ። ንፋስ ቱምቢውን ካወዛወዘው ባልዲ ውሃ ውስጥ ቢጠልቅ ቶሎ ይረጋል።

ስኳድራዬና ውሃ ልኬ ትክክል መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

ገልብጠው ይፈትሿቸው። ቀጥ ያለ ጠርዝ ባለው ጣውላ ላይ ስኳድራውን አስደግፈው በቀጭን እርሳስ መስመር ያስምሩ። ስኳድራውን በሌላው ፊቱ ገልብጠው ከዚያው ነጥብ እንደገና ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ስኳድራው ደህና ነው። እየተራራቁ ከሄዱ፣ የሚታየው ልዩነት የስህተቱ እጥፍ ነው። ውሃ ልኩን ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ አስቀምጠው አረፋውን ያንብቡ፤ ከዚያ ግራውን ወደ ቀኝ አዙረው እዚያው ላይ ያስቀምጡ። አረፋው ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ መሣሪያው ተዛብቷል። ከስካፎልዲንግ የወደቀ መሣሪያ ሁሉ በዚያው ቀን ይህን ፈተና ይለፍ።

ፕሮትራክተር የለኝም። 20 ወይም 35 ዲግሪ እንዴት ልሳል?

በጣም የምወደው ዘዴ ይኸው። ሲባጎውን ወይም ቀጭን ጣውላን 57 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ላይ ለክተው በአንድ ምስማር ዙሪያ ቅስት ይሳሉ። በዚህ ቅስት ላይ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር አንድ ዲግሪ ነው። 20 ዲግሪ ከፈለጉ በቅስቱ ጎበጥ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይለኩና ከምስማሩ ጋር በመስመር ያገናኙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሙሉው ክብ ዙሪያ 360 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ነው። ሜትሩ ቅስቱን ተከትሎ እንዲተኛ ያድርጉት፤ አቋርጦ ከሄደ ማዕዘኑ ከሚገባው ይበልጣል።

አቋርጦ መለካት ለሚመርጥ ደግሞ ቅስቱን በ1 ሜትር ይሳልና የሚከተሉትን ቀጥታ ርቀቶች ይጠቀም፦ ለ15 ዲግሪ 26.1 ሳንቲ ሜትር፣ ለ30 ዲግሪ 51.8፣ ለ45 ዲግሪ 76.5፣ ለ60 ዲግሪ ልክ 100፣ ለ90 ዲግሪ 141.4። እነዚህን ቁጥሮች በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በቀለም መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

60 ዲግሪ ያለ ምንም ቁጥርም ይገኛል። በኮምፓስ ቅስት ይሳሉ፤ የኮምፓሱን ስፋት ሳይቀይሩ ከመስመሩና ከቅስቱ መገናኛ ተነስተው ቅስቱን ይቁረጡ። መሐሉን ሲከፍሉት 30 ያገኛሉ።

ሥዕሉ ላይ ያለው ዲግሪና ማሽኑ ላይ ያለው ዲግሪ ለምን አይገናኙም?

ሁለቱ ከተለያየ ቦታ መቁጠር ስለሚጀምሩ። ስምንት ማዕዘን ያለው ጠረጴዛ የውስጥ ጥጉ 135 ዲግሪ ነው፤ ሁለት እንጨቶች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 67.5 ይደርሳል። የመቁረጫ ማሽኑ ግን ዜሮ የሚለው እንጨቱን ቀጥ አድርጎ አግድም ሲቆርጥ ነው። ስለዚህ ከ90 ላይ 67.5 ሲቀነስ የሚቀረውን 22.5 ነው ማሽኑ ላይ የሚያስተካክሉት። አቋራጩ 180ን ለጎኖቹ ብዛት ማካፈል ነው፦ ለአራት ጎን 45፣ ለስድስት 30፣ ለስምንት 22.5።

እዚህ ላይ ትንሽ ስህተት ይጠራቀማል። ስምንት ጎን አሥራ ስድስት ቁርጥ አለው። እያንዳንዱ ቁርጥ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት በመጨረሻ 8 ዲግሪ ይከማቻል፤ የመጨረሻው መገጣጠሚያ አፉን ከፍቶ ይቀራል። መጀመሪያ በብጥስጣሽ እንጨት ሁሉንም ቆርጠው ይግጠሙ።

ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) የሚያጥፉ ልጆችም በዚሁ ግራ ይጋባሉ። የስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) መንጠቆ 135 ዲግሪ ይታጠፍ ሲባል ብረቱ ከቀጥታ አቅጣጫው 135 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው፤ በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው ክፍተት 45 ብቻ ነው፣ ጫፉም ወደ ስታፋው ውስጥ ያመለክታል። 45 ብቻ ዞሮ የቀረ መንጠቆ በሥዕል ላይ ካለው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ሕንጻው ሲናወጥ ዋናዎቹን ብረቶች አቅፎ መያዝ ያለበት ይህ መንጠቆ ስለሆነ ሥዕሉ ያልገባው ሰው ማጠፍ አይጀምር፤ ይጠይቅ።

የክፍሉ ጥግ 90 ካልሆነ ዞኮሎ (በግድግዳው እግር የሚሄደው ጠርዝ) ወይም ኮርኒስ እንዴት ይገጥማል?

የጥጉን ማዕዘን ለክተው ለሁለት ይክፈሉ። 94 ዲግሪ ከሆነ ለእያንዳንዱ 47፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ 43። ጥጉን ለመለካት ከጥጉ ተነስተው በሁለቱም ግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ፤ በመካከላቸው 70.7 ከመጣ 90 ነው። ቁጥር የማይፈልጉ ከሆነ ሁለት ቀጭን እንጨቶችን በአንድ ምስማር አያይዘው በጥጉ ላይ ይክፈቱ፣ ምስማሩን ያጥብቁና ቅርጹን ወደ ጠረጴዛ ያምጡት።

ጥጉ ላይ ዓምድ ወይም ክብ ግንብ ስላለ ሜትር አይደርስም። ምን ላድርግ?

የዐፄ ፋሲልን ግንብ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ወዲያው ይረዳዋል፤ በአራቱም ጥግ ክብ ግንብ ስላለ የግድግዳዎቹ መገናኛ አይታይም። መንገዱ መገናኛውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ከአንዱ ግድግዳ በሁለት ቦታ እኩል ርቀት፣ ለምሳሌ ከክቡ ግንብ የሚያልፍ 4 ሜትር፣ ወጣ ብለው ሲባጎ ይወጥሩ፤ ከሌላውም እንዲሁ። ሲባጎዎቹ ከግድግዳዎቹ ጋር ትይዩ ስለሆኑ ውጭ ላይ የሚሠሩት ማዕዘን የግድግዳዎቹ ማዕዘን ነው፤ እዚያው ላይ 3፣ 4፣ 5ን ይለኩ።

ምሳሌውን ያነሳሁት ቅርጹን ለማስረዳት ነው። ቅርስ በሆነ ግንብ ላይ ምስማር አይመታም፣ ቀለምም አይነካውም፤ ከ1979 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሀብት ነው። ፈቃድ ላለው የጥገና ሥራም ቢሆን ሲባጎው በመሬት ላይ በቆመ እግር ይያዝ።

ረጅም ቀጥ ያለ መስመር እንዴት ይሰመራል? አሮጌው ግድግዳ መነሻ ይሆናል?

መነሻ አይሆንም። በኖራና በድንጋይ የተሠራ አሮጌ ቤት ፊቱ ይወጣል፣ ይገባል። በፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በተሠሩ ሕንጻዎች ውስጥም ከብዙ ዓመት ልስንና ቀለም በኋላ ጠርዙን ማመን አይቻልም። የራስዎን መስመር ያውጡ፦ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው በሁለቱ ጫፎች ነጥብ ይምቱ፣ በቀለም ዱቄት የተለወሰ ሲባጎ ወጥረው ይያዙ፣ መሐሉን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ አንስተው ይልቀቁት። ወደ ጎን ተስቦ ከተለቀቀ መስመሩ ይጎብጣል። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ሰው መሐል ላይ ሲባጎውን በጣቱ ተጭኖ ይያዝና ግራና ቀኙን በየተራ ይልቀቁ። ከዚያ በኋላ ሴራሚኩም ሆነ ክፍፍል ግድግዳው የሚለካው ከዚህ መስመር ብቻ ነው።

ነጥብ ቀድሞ መስመር መከተሉ በዚህ አገር የቆየ ሥርዓት ነው። የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ከመንከራቸው በፊት የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋሉ፤ ቀጥሎ ነጥቦቹን በደነዘ ጫፍ አገናኝተው ያሰምራሉ፤ ፊደሉ የሚሰለፈው በዚያ መስመር ነው። በሥራ ቦታም ነጥቡን በሁለት አጫጭር ጭረት እንደ ቀስት ጫፍ አሹለው ምልክት ያድርጉ። ወፍራም ነጠላ ጭረት ብቻውን የአንድ ሚሊ ሜትር ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል።

የጣሪያ ተዳፋት 15 ሲባል ዲግሪ ነው ወይስ በመቶ?

ሳይጠይቁ አይጀምሩ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። 15 በመቶ በእያንዳንዱ አግድም ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር መውጣት ነው። 15 ዲግሪ ግን በሜትር 26.8 ሳንቲ ሜትር ነው። 10 ሜትር ስፋት ባለው ባለ ሁለት ክንፍ ጣሪያ፣ ግማሹ 5 ሜትር ስለሆነ፣ በመቶ ከሆነ ጫፉ 75 ሳንቲ ሜትር፣ በዲግሪ ከሆነ 1 ሜትር ከ34 ይወጣል። 100 በመቶ 45 ዲግሪ ነው፤ ይህን አንዱን መያዝ ሌላውን ለማስታወስ ይረዳል። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያየ ሰው ተዳፋት ማሳነስ ቁጠባ ነው አይልም። ወራጁን (ተዳፋቱን ይዞ የሚወርደውን የጣሪያ እንጨት) ሲቆርጡም ከአግድሙ እንደሚረዝም አይርሱ፤ 5 ሜትር አግድም በ15 ዲግሪ 5 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፣ ከግድግዳው ውጭ የሚወጣውን ክፈፍ ሳይጨምር።

የስልክ ማዕዘን መለኪያና ኮምፓስ ይታመናል?

ለግምት ጥሩ ነው። ስልኩን ከሽፋኑ አውጥተው፣ የካሜራው እብጠት በማይነካበት ጠርዝ አስደግፈው፣ ከዚያ አዙረው ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ አማካዩን ይውሰዱ። ኮምፓሱን ግን በፌሮ፣ በቆርቆሮና በቱቦላሬ አጠገብ አይመኑት፤ ብረት ንባቡን ያዛባዋል።

ሰሜንን በትክክል የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ የሶላር ፓኔል የሚተክል ወይም ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ የሚቀይስ፣ ፀሐይንና ሲባጎን ይጠቀም። ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ በቱምቢ አረጋግጠው ያቁሙ። ጠዋት ላይ የጥላው ጫፍ የደረሰበትን ምልክት ያድርጉ፤ በዚያው ርቀት በዘንጉ ዙሪያ ክብ ይሳሉ። ከሰዓት በኋላ የጥላው ጫፍ ክቡን እንደገና ሲነካ ሁለተኛ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ መሐሉን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ጥላ ጎንደር ላይ ወደ ደቡብ ስለሚያመለክት የትኛው ጫፍ ሰሜን እንደሆነ በጥላው አቅጣጫ ብቻ አይፍረዱ፤ ፀሐይ የወጣችበትን ጎን ቀኝዎ ላይ አድርገው ሲቆሙ ፊትዎ ሰሜን ነው።

የክብ ላሜራ ወይም ጣውላ መሐሉን እንዴት ላግኝ?

የስኳድራውን ጥግ በክቡ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። ሁለቱ ክንዶች ጠርዙን የሚያቋርጡባቸውን ነጥቦች በመስመር ያገናኙ፤ ይህ መስመር በመሐል ያልፋል። ስኳድራውን ወደ ሌላ የጠርዙ ቦታ አዙረው ይድገሙት፤ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት መሐሉ ነው። ክንዱ አጭር ሆኖ ማዶ ካልደረሰ የወረቀት ወይም የካርቶን ጥግም ያገለግላል፣ ጥጉ 90 መሆኑ እስከተረጋገጠ ድረስ።